ሆም ቲያትራችሁን ለመሸጥ አትቸኩሉ፦ በስፋት ለተሰራጨ አንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ብዙ ሰው እየተቀባበለ ያነበበው አንድ ጽሑፍ፣ አዲስ ስማርት ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ቤቱ ያለውን ርካሽ ሆም ቲያትር ከነስፒከሮቹ ሸጦ ወይም ለቆራሌው ሰጥቶ ሳውንድ ባር፣ ማለትም ከቴሌቪዥን ሥር የሚቀመጥ ረጅም ስፒከር፣ እንዲገዛ ይመክራል። ጽሑፉ ባማረ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም አንባቢን ከከንቱ ድካም ለማዳን አስበው እንደጻፉት አልጠራጠርም። ነገር ግን ምክሩ የተመሠረተባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ ትክክል አይደሉም። ያገለገለ ሆም ቲያትር ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ፣ ምክሩን የሚከተል ቤተሰብ በደንብ የሚሠራ ዕቃ በከንቱ አጥቶ ለሌላ ዕቃ እንደ አዲስ ብዙ ብር ያወጣል። ዝም ማለት ያልቻልኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

በመጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። የድሮው ሆም ቲያትር የሚቀበለው በቀይና በነጭ ገመድ የሚመጣ ድምፅ ሲሆን አዲሱ ቴሌቪዥን ግን በዚህ ገመድ ድምፅ ስለማይሰጥ ሁለቱ አይገናኙም ይላሉ። የግድ መገናኘት ካለባቸውም ብሉቱዝ ይበቃል፣ የገመድ ዘመን አልፏል ባይ ናቸው። የቴሌቪዥኑን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ ሆም ቲያትሩ የሚመልሰውን፣ ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ የሚባለውን መንገድ ሲያነሱ፣ የሚሠራው ውድ በሆነ ገመድና በአዳዲስ መሣሪያዎች ብቻ እንደሆነ ይገልጻሉ። ቀጥለው በርካሽ ሆም ቲያትር ላይ አምስቱም ስፒከሮች የሚያወጡት አንድ ዓይነት ድምፅ ስለሆነ «ሰራውንድ» (ከዙሪያ የሚመጣ ድምፅ) የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ ብቻ ያለ ነው ካሉ በኋላ፣ ሳውንድ ባር ለማንኛውም ቤት ይሻላል ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳሉ። በመጨረሻም አሮጌ አምፕሊፋየር (የሆም ቲያትሩ ድምፅ ማጉያ) አዲሱን ቴሌቪዥን ሊያቃጥለው ይችላል ሲሉ ያስጠነቅቃሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ መነሻው እውነት ነው። ብዙዎቹ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች በቀይና በነጭ ገመድ ድምፅ አይሰጡም። ከጀርባቸው ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ቀዳዳዎች ቢገኙ እንኳ እነዚያ ቀዳዳዎች ከዲቪዲ ማጫወቻ ወይም ከሪሲቨር የሚመጣውን ምስልና ድምፅ የሚቀበሉ መግቢያዎች ናቸው። ስለዚህ የሆም ቲያትሩን ገመድ እዚያ ላይ የሰካ ሰው የቱንም ያህል ድምፅ ቢጨምር ምንም አይሰማም፤ መግቢያን ከመግቢያ ጋር አገናኝቷልና። ጸሐፊው «ቢኖርም አይሠራም» ያሉት ይህንኑ አይተው ይመስለኛል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ተነስተው «ስለዚህ አይቻልም» ሲሉ ነው። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የሚያወጣባቸው ሌሎች በሮች አሉት፤ ኦፕቲካል፣ ኤአርሲ የሚል የተጻፈበት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳ፣ በአንዳንዶቹም ላይ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ። አንድ ቴሌቪዥን ሦስቱንም ላይይዝ ይችላል፤ አንዱንም የማይዝ ግን እምብዛም አይገኝም።

ከእነዚህ ውስጥ ለርካሽ ሆም ቲያትር ይበልጥ የሚመቸው ኦፕቲካል ነው። ቶሺባ እ.ኤ.አ. በ1983 ያስተዋወቀው ይህ ማያያዣ ድምፅን የሚያስተላልፈው በብርሃን ነው። ቀዳዳው አራት ማዕዘን ሆኖ ሁለቱ ጥጎቹ የተቆረጡ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜም አፉ ላይ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ ትንሽ መዝጊያ አለው። ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ የገመዱን አንድ ጫፍ ሰክቶ ሌላውን ጫፍ ወደ መዳፍ ያስጠጋ ሰው መዳፉ ላይ ቀይ የብርሃን ነጥብ ያያል። ነጥቡ ከታየ የቴሌቪዥኑ ቀዳዳ እየሠራ፣ ገመዱም ብርሃኑን እያሳለፈ ነው፤ ድምፅ ከጠፋ ችግሩ መፈለግ ያለበት ከሆም ቲያትሩ በኩል ወይም ከቴሌቪዥኑ የድምፅ ምርጫ ላይ ነው። አዲስ ገመድ ሲገዛ በሁለቱም ጫፎች ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቆብ ተደርጎበት ይመጣል። ቆቡን ሳያወልቁ ለመሰካት ታግለው «ልኩ አይደለም» በማለት ገመዱን ለባለሱቁ የሚመልሱ ሰዎች አሉ፤ ይህ ትንሽ ነገር ብቻውን «አይገናኝም» የሚለውን ወሬ ሳያበዛው አልቀረም።

ሆም ቲያትሩ የኦፕቲካል መግቢያ ከሌለውና ያለው ቀይና ነጭ ብቻ ከሆነ፣ ኦፕቲካሉን ወደ ቀይና ነጭ የሚቀይር ኮንቨርተር ይገዛል። ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ፣ ኃይሉንም ከቴሌቪዥኑ የፍላሽ ቀዳዳ ሊወስድ የሚችል ትንሽ ሳጥን ነው፤ ዋጋውም ከሳውንድ ባር ጋር አይወዳደርም። እዚህ ላይ አንድ መታለፍ የሌለበት ጥንቃቄ አለ። አብዛኞቹ እነዚህ ኮንቨርተሮች የሚያነቡት ፒሲኤም የተባለውን ያልታመቀ ባለሁለት መስመር (ግራና ቀኝ) ድምፅ ብቻ ስለሆነ፣ የቴሌቪዥኑ ዲጂታል የድምፅ ውጤት «ኦቶ» ወይም «ቢትስትሪም» (ድምፁን እንደታመቀ የሚልክ ምርጫ) ላይ እንዳለ ከተተወ ድምፁ በዶልቢ የታመቀ ፊልም ሲከፈት ወይ ዝምታ ወይ የሚንጫጫ ድምፅ ይመጣል። ሰውየው ኮንቨርተሩ የተበላሸ ይመስለዋል። ወደ ቴሌቪዥኑ የድምፅ ቅንብር ገብቶ «ፒሲኤም» የሚለውን ሲመርጥ ነገሩ ይስተካከላል። የጆሮ ማዳመጫ ጃክ ያለው ቴሌቪዥን ከሆነ ደግሞ ኮንቨርተርም አያስፈልግም፤ በአንድ ወገን ጃክ፣ በሌላው ወገን ቀይና ነጭ ያለው ተራ ገመድ ይበቃል፤ የድምፅ መጠኑንም በቴሌቪዥኑ ሪሞት መቆጣጠር ይቻላል።

ወደ ብሉቱዙ ልለፍ። ገመድ አልባ መሆኑ ምቹ እንደሆነ እስማማለሁ፤ ለሙዚቃ ብቻ ከሆነም የሚነቀፍ አይደለም። ለፊልምና ለዜና ግን ጸሐፊው ያላነሷቸው ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛው መዘግየት ነው። በተለመደው የብሉቱዝ አሠራር ድምፁ ታምቆ፣ ተልኮ፣ እንደገና እስኪፈታ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 250 ሚሊሰከንድ ይፈጃል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው የብሮድካስት ምክረ ሐሳብ ላይ ተመልካች የአፍና የድምፅ አለመገጣጠምን መለየት የሚጀምረው ድምፁ ከምስሉ በ45 ሚሊሰከንድ ሲቀድም ወይም በ125 ሚሊሰከንድ ሲዘገይ እንደሆነ ተመልክቷል። በሰከንድ 25 ምስል በሚያሳይ ሥርጭት የ200 ሚሊሰከንድ መዘግየት ማለት ድምፁ አምስት ምስል ወደ ኋላ ቀረ ማለት ስለሆነ፣ ዜና አንባቢዋ አፏን ከዘጋች በኋላ የመጨረሻው ቃል ሲሰማ ዓይን ያስተውለዋል። ይህን በራሳቸው የሚያካክሱ አንዳንድ አዳዲስ ቴሌቪዥኖች መኖራቸውን አልክድም። በብዙዎቹ ላይ ያለው ማስተካከያ ግን ድምፁን የበለጠ ለማዘግየት እንጂ ለማስቀደም አያገለግልም፤ የዘገየን ድምፅ ደግሞ ማዘግየት ምንም አይጠቅምም። ሁለተኛው ጉድለት ከዚህ ይከብዳል፦ የተለመደው የቴሌቪዥን ብሉቱዝ የሚያስተላልፈው ባለሁለት መስመር ድምፅ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ ብሉቱዝን መክረው በሌላው «የኋላ ስፒከሮቹ የራሳቸው ድምፅ የላቸውም» ብለው ሆም ቲያትሩን ሲወቅሱ፣ እርስ በርሱ የሚጋጭ ነገር እየተናገሩ ነው። የኋላውን ድምፅ ያስቀረው ራሳቸው የመከሩት መንገድ ነው።

ስለ ኤአርሲ የተባለው በአጭሩ የሚመለስ ነው። ይህ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 ከወጣው ኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር ስለሆነ ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ብዙ ሆም ቲያትሮች አላቸው። ቴሌቪዥኑም ሆም ቲያትሩም ላይ ኤአርሲ የሚል ከተጻፈ ደህና የሆነ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ይሠራል፤ ጫፉ በወርቅ መለበጡ ድምፁን አያሻሽለውም። ብዙ ጊዜ እንቅፋት የሚሆነው፣ ገመዱ ከቴሌቪዥኑ የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች መካከል ኤአርሲ ባልተጻፈበት ላይ መሰካቱ፣ ወይም መሣሪያዎቹን የሚያነጋግረው ቅንብር መጥፋቱ ነው። ይህን ቅንብር ሳምሰንግ ኤኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ደግሞ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ጸሐፊው ትክክል የሚሆኑት ከዚያ ዘመን በፊት በተሠሩት ላይ ነው፤ በእነዚህ ዲቪዲ ሆም ቲያትሮች ላይ ያለው ኤችዲኤምአይ ምስል ወደ ቴሌቪዥን ለመላክ ብቻ የተሠራ ስለሆነ ድምፅ በእርሱ አይመለስም፤ የእነርሱ መንገድ ኦፕቲካሉ ወይም ቀይና ነጩ ነው።

ከሁሉም በላይ ረጋ ተብሎ ሊታይ የሚገባው አራተኛው ነጥብ ነው፤ ምክንያቱም ጸሐፊው ያዩት ነገር እውነት ሲሆን የሰጡት ምክንያት ግን ትክክል አይደለም። 5.1 የሚባለው ድምፅ ስድስት የተለያዩ መስመሮች አሉት፦ የፊት ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ አብዛኛው ንግግር የሚመጣበት መካከለኛ፣ ሁለት የኋላ ወይም የጎን፣ እንዲሁም ለወፍራም ድምፅ ብቻ የተመደበው የሳብውፈር መስመር፤ «.1» የተባለው ይኸኛው ነው። እነዚህ ስድስት መስመሮች በዶልቢ ዲጂታል ወይም በዲቲኤስ ታምቀው ይመጣሉ፤ አንድ ቦታ ላይ መፈታት አለባቸው። ጥያቄው የሚፈታቸው መሣሪያ የት አለ የሚለው ነው።

ሰው «ሆም ቲያትር» ብሎ የሚጠራው ዕቃ በዚህ ረገድ አንድ ዓይነት አይደለም። የዲቪዲ ማጫወቻ ያለው ሆም ቲያትር ፈቺው ውስጡ አለ፤ ኦፕቲካል መግቢያ ካለው በኦፕቲካል የመጣውን 5.1 ራሱ ይፈታዋል። ኦፕቲካል ከሌለው ደግሞ ፈቺው የሚያገለግለው ለራሱ ዲስክ ብቻ ይሆንና ከቴሌቪዥን በቀይና በነጭ የሚገባው ድምፅ ባለሁለት መስመር ሆኖ ይቀራል። ሦስተኛው ዓይነት ለኮምፒውተር ታስቦ የተሠራው፣ ከሳብውፈሩ ጀርባ ስድስት ቀዳዳዎች የተደረደሩበት ሲሆን ውስጡ ምንም ፈቺ የለውም፤ ስድስቱን መስመሮች ለየብቻ ተፈትተው እንዲመጡለት ይጠብቃል። ለዚህኛው ኦፕቲካል ተቀብሎ ስድስት መስመር የሚሰጥ የ5.1 ዲኮደር ሳጥን ይሸጣል። ከተራው ኮንቨርተር ጋር እንዳይምታታ መውጫዎቹን መቁጠር ይበቃል፤ ቀይና ነጭ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያለው ሳጥን ይህን ሥራ አይሠራም።

ጸሐፊው «አምስቱም አንድ ዓይነት ያወጣሉ» ያሉት ለሁሉም ይሠራል ወይ የሚለውን ማንም ሰው ቤቱ ሊፈትነው ይችላል። ዲቪዲ ያለውን ሆም ቲያትር ዶልቢ 5.1 የተጻፈበት ኦሪጂናል ዲስክ አጫውቶ ጆሮን ከኋላው ስፒከር አጠገብ ማድረግ ነው። ሰዎቹ ሲነጋገሩ የኋላው ስፒከር ከሞላ ጎደል ዝም ይላል፤ ዝናብ ሲዘንብ፣ መኪና ከኋላ መጥቶ ሲያልፍ ወይም ሙዚቃው ሲነሳ ይሰማል። አምፕሊፋየሩ ያው ነው፣ ስፒከሮቹም እነዚያው ናቸው። ከዲስክ ሲመጣ የተለያየው ድምፅ ከቴሌቪዥን ሲመጣ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ ጉድለቱ ያለው በመንገዱ ወይም በሚመጣው ድምፅ ላይ እንጂ በመሣሪያው ላይ ሊሆን አይችልም።

የሚመጣው ድምፅ ነገር በተለይ ለእኛ ተመልካቾች ወሳኝ ነው። በዲሽ የምናያቸው የአገር ውስጥ ጣቢያዎችና በዩቲዩብ የሚጫኑት አብዛኞቹ የአማርኛ ፊልሞችና ድራማዎች ድምፃቸው ባለሁለት መስመር ነው፤ የመቶ ሺህ ብር መሣሪያም ቢሆን ከሌለ ነገር እውነተኛ የኋላ ድምፅ አይፈጥርም። እዚህ ላይ ጸሐፊው ቅር ቢሰኙ ፍትሐዊ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ድምፅ በብዙ የዲቪዲ ሆም ቲያትሮች ሪሞት ላይ የሚገኘው ዶልቢ ፕሮሎጂክ 2 የተባለው ምርጫ ንግግሩን ወደ መካከለኛው፣ አጃቢውን ወደ ኋላ በማከፋፈል መልካም ውጤት ይሰጣል፤ አንዳንዶቹ ላይ ያለው ሁሉንም ስፒከር እኩል የሚያስጮኸው ምርጫ ግን ጸሐፊው የገለጹትን ያንኑ ጉድለት ስለሚያመጣ አልመክረውም። ኔትፍሊክስ ላይ 5.1 የተባለውን ቋንቋ የመረጠ ሰው፣ ወይም ፊልም በፍላሽ አስጭኖ የሚያይ ሰው ግን ብዙ ጊዜ እውነተኛ ስድስት መስመር ያገኛል፤ የሚጠበቅበት፣ ቴሌቪዥኑን ከ«ፒሲኤም» ወደ «ኦቶ» ወይም «ቢትስትሪም» መመለስ ብቻ ነው። ከላይ ለተራው ኮንቨርተር ከመከርኩት ጋር የሚቃረን እንዳይመስል፦ ምርጫው የሚወሰነው ከገመዱ ወዲያ ባለው መሣሪያ ነው፤ ፈቺ ካለ የታመቀውን መላክ፣ ከሌለ ፒሲኤም። ሳምሰንግ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ስለተወ በፍላሽ የመጣ የዲቲኤስ ፊልም በእነዚያ ቴሌቪዥኖች ላይ ምስሉ እየታየ ድምፅ አልባ ሊሆን ይችላል፤ ይህም በሆም ቲያትሩ የሚሳበብ ጥፋት አይደለም። አንዳንድ ቴሌቪዥኖች ደግሞ በኤችዲኤምአይ ከሪሲቨር የገባላቸውን 5.1 በኦፕቲካል ሲያወጡት ወደ ሁለት መስመር ያጠቡታል። ሪሲቨሩ የራሱ ኦፕቲካል መውጫ ካለው በቀጥታ ከሆም ቲያትሩ ጋር ማያያዝ መፍትሔው ነው።

አንድ ነገር ሳልሸራርፍ ለጸሐፊው እተውላቸዋለሁ፤ ካርቶን ላይ የሚጻፈው ዋት እምነት የሚጣልበት አይደለም ያሉትን። ከጀርባው በሚለጠፈው ምልክት ላይ ከሶኬት የሚወስደው 80 ዋት እንደሆነ የተጻፈበት ዕቃ ፊቱ ላይ 1000 ዋት ቢለጠፍበት፣ ያልወሰደውን ኃይል ከየት አምጥቶ ይሰጣል? ገዢ ማየት ያለበት የጀርባውን ነው።

ሳውንድ ባርን በተመለከተ፣ በቅርቡ ቤት የሚቀይር ተከራይ፣ ግድግዳ መብሳት የማይፈቀድለት፣ ወይም በአንድ ክፍል ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ቢገዛው ያስማማኛል። «ለማንኛውም ቤት» የሚለውን ግን አልቀበልም። በሆም ቲያትር ዋጋ የሚገኘው ሳውንድ ባር አብዛኛውን ጊዜ ባለሁለት መስመር ሆኖ ሳብውፈር የተጨመረለት ነው፤ ራሱን የቻለ መካከለኛ ስፒከር የለውም። ብዙዎቻችን ሳሎን ያለው ሶፋ ኤል ቅርጽ ነው፤ ከቤተሰቡ ግማሹ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ይቀመጣል። መካከለኛ ስፒከር ሲኖር በጎን የተቀመጡትም ንግግሩን ከስክሪኑ ሲመጣ ይሰሙታል፤ ከሌለ ግን ንግግሩ ወደሚቀርባቸው ወገን ያደላባቸዋል። ድምፅን ከግድግዳ እያነጠረ ከጎን የመጣ የሚያስመስለው ዘዴም በግራም በቀኝም ግድግዳ ይፈልጋል፤ የእኛ ሳሎን በአንድ ወገን ወደ መመገቢያው ወይም ወደ ኮሪደሩ ክፍት መሆኑ የተለመደ ነው።

ሆም ቲያትሩ ላይ የሚቀርበው እውነተኛ ቅሬታ የአቀማመጥ ነው፤ ጸሐፊው ይህን ቢያነሱ ኖሮ በሙሉ ልብ እደግፋቸው ነበር። በድሮው ወፍራም ቴሌቪዥን አናት ላይ ይቀመጥ የነበረው መካከለኛ ስፒከር አሁን ቦታ ስላጣ ብዙ ጊዜ ከቡፌው ጀርባ ይጣላል፤ ቦታው ግን ከስክሪኑ ሥር፣ ከቡፌው ጠርዝ ጋር እኩል ሆኖ ወደ ተመልካች ቀና ብሎ ነው። የኋላዎቹ በዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ምክረ ሐሳብ መሠረት ከፊት ተቆጥሮ 110 ዲግሪ አካባቢ፣ ማለትም ከተመልካቹ ጎን ትንሽ ወደ ኋላ ይሆናሉ። ሶፋው ግድግዳ የተጠጋ ከሆነ ከሶፋው ጀርባ መቅበር ሳይሆን በግራና በቀኝ ግድግዳ ላይ ከተቀመጠ ሰው ጆሮ ከፍ አድርጎ መስቀል ይሻላል። ቀዩንና ጥቁሩን የስፒከር ሽቦ በአንዱ ላይ አገላብጦ ያሰረ ሰው ደግሞ ወፍራሙ ድምፅ ሲሳሳ፣ ንግግሩም አቅጣጫ ሲያጣ ይሰማዋል። ሳብውፈሩን ከጎረቤት ጋር ከሚጋሩት ግድግዳ ማራቅም የጉርብትና ግዴታ ነው።

የቀረው የመቃጠሉ ሥጋት ነው። ድምፅ የሚሄደው ከቴሌቪዥን ወደ ሆም ቲያትር ስለሆነ አምፕሊፋየሩ አሮጌ መሆኑ በራሱ ቴሌቪዥኑን አይጎዳም። ኦፕቲካሉ በቀጥታ ከሆም ቲያትሩ ጋር ከተገናኘማ በሁለቱ መካከል የሚያልፈው ብርሃን ብቻ ስለሆነ ኤሌክትሪክ የሚተላለፍበት መንገድ የለም። በዚህም የተነሳ የዲሽ ገመድ በተሰካበት ቴሌቪዥን ላይ በቀይና በነጭ ገመድ የሚመጣው የማያቋርጥ «እምምም» የሚል ድምፅ በኦፕቲካል ይጠፋል። ሥጋቱ እውነት የሚሆነው ሌላ ቦታ ላይ ነው። የመሬት ሽቦ በሌላቸው ቤቶች የዕቃው ብረት ሲነካ ስለሚነዝር፣ ቀይና ነጩን ወይም ኤችዲኤምአዩን ከመሰካት በፊት ሁለቱንም ዕቃ ከሶኬት መንቀል ያስፈልጋል። የስፒከር ሽቦ የሚታሰርበት የአምፕሊፋየሩ መውጫም በምንም ምክንያት ከቴሌቪዥኑ ጋር መገናኘት የለበትም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ሆም ቲያትር ነው። ከጀርባው «100–240 ቮልት» የሚል ከሆነ የሶኬት መለወጫ ብቻ ይበቃዋል። «120 ቮልት» ብቻ የሚል ከሆነ ግን በቀጥታ እኛ አገር ባለው 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል፤ ቮልት የሚቀንስ፣ አቅሙም ምልክቱ ላይ ከተጻፈው ዋት በደንብ የሚበልጥ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል። ትራንስፎርመሩን ለመግዛት የማይፈልግ ሰው፣ ወይም አንድ ጊዜ ሰክቶት የኃይል ክፍሉ የተቃጠለበት ሰው፣ የጸሐፊውን ምክር ተከትሎ ቢሸጠው አልቃወምም።